ዶክቶር አሌክሲስ ካሬል፤ ሥጋን በጠርሙስ ያኖረ ሐኪም

ለዘንድሮው መጽሔታችን የሕይወት ታሪኩን እጽፍ ዘንድ የመረጥሁት ሰው አሌክሲስ ካሬል ይባላል። ዛሬ የሰውን ጉበት ቁራጭ በላቦራቶሪ አሳድገው፥ ጉበት ከተቈረጠ በኋላ እንዴት ተመልሶ እንደሚያድግ የሚመረምሩ ሊቃውንት አሉ። የእነዚህን ሊቃውንት ሥራ ወደ ኋላ እየተከተለ የሚሄድ ሰው መንገዱ ከካሬል ደጃፍ ያደርሰዋል። ሰውየው የሚመሰገንበት ብቻ ሳይሆን የሚወቀስበትም ሥራ ስላለው፥ ሁለቱንም ሳልደብቅ ለመጻፍ እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የሚነበበው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን ስለ ጉበት ጥቂት እንናገር። እኛ ጉበትን በደንብ የምናውቀው በበዓል ቀን በግ ሲታረድ፥ ገና ትኩሱን በሚጥሚጣ ሲቀርብ፥ ወይም ከጨጓራ ጋር ተከትፎ ዱለት ሲሆን ነው። ይህ የምንወደው ሥጋ በሕይወት ሳለ ግን የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። ስኳርን ያከማቻል፤ መርዝን ያበርዳል፤ ሐሞትን ያመነጫል፤ ቁስል ሲደማ ደሙ እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች ያዘጋጃል። የሰው ጉበት ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከአንጀት የሚነሣው ደም ተሰብስቦ በአንድ ወፍራም ደም መልስ በኩል ወደ ጉበት ይገባል፤ ጉበት ከሚያገኘው ደም ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ የሚመጣው በዚሁ ደም ሥር ነው። የካሬል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ደም ሥር እንዳይረሳው እለምናለሁ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ የማደግ ኃይሉ ነው። በ1931 ዓ.ም. ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአይጥን ጉበት ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ቈርጠው ቢያወጡት፥ የቀረው አንድ እጅ በጥቂት ቀኖች ውስጥ እየፋፋ ሄዶ የቀድሞውን ክብደት ሊያህል ደረሰ። የተቈረጠው ክፍል እንደ ተቈረጠ ቅርንጫፍ በቦታው ተመልሶ አይበቅልም፤ የቀረው ነው የሚሰፋው። ልብና ኩላሊት እንዲህ ማድረግ አይችሉም። ጉበት ብቻውን ይህን ኃይል ከየት አገኘው? መጠኑ ሲሞላስ ማቆም እንዳለበት ማን ይነግረዋል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሕያው ሥጋን ከአካል ውጭ አኑሮ በዐይን እያዩ መመርመር ያስፈልጋል። ያን መንገድ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ካሬል ነው።

ካሬል የተወለደው ጁን 28 ቀን 1873 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፥ በሊዮን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሴንት ፎይ ነው። ሊዮን በሐር ጨርቅ ሥራዋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ከተማ ናት፤ አባቱም በጨርቅ ሥራና ንግድ ይተዳደር ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። ሲወለድ የወጣለት ስም ሌላ ነበረ፤ አሌክሲስ የሚለውን የአባቱን ስም የያዘው ከአባቱ ሞት በኋላ ነው። በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በሊዮን ሕክምና ማጥናት ጀመረ።

በ1894 ዓ.ም. ጁን 24 ቀን ማታ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን የተከፈተውን ኤግዚቢሽን ለመጐብኘት መጥተው ሳሉ፥ ከግብር ተነሥተው በሠረገላ ሲሄዱ አንድ ኢጣልያዊ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ በጩቤ ወጋቸው። ጩቤው ጉበታቸውን ዘልቆ ያን ከላይ የተናገርነውን ወፍራም ደም መልስ ቈረጠው። በከተማው ያሉ የታወቁ ሐኪሞች ተሰበሰቡ። ይሁን እንጂ የተቈረጠ ትልቅ ደም ሥር ሰፍቶ ማዳን በዚያን ዘመን የሚታወቅ ጥበብ አልነበረምና፥ ፕሬዚዳንቱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሞቱ። ካሬል በዚያች ሌሊት ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ሌሎቹ እንዲህ ያለው ቁስል መድኃኒት የለውም ብለው ነገሩን ሲተዉት፥ ይህ ወጣት ተማሪ ደም ሥርም እንደ ሌላው ሥጋ ሊሰፋ ይገባዋል ብሎ ተነሣ።

እንግዲህ ደም ሥር መስፋት ለምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ እንመልከት። ደም ሥር ለስላሳ ቱቦ ነው፤ መርፌ ሲነካው ይኰማተራል። ወፍራም መርፌ ቢወጉበት ቀዳዳው ደም ያፈሳል። ክሩ ወይም የቁስሉ ከንፈር ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ደሙ እዚያ ላይ ይረጋና ቱቦውን ይደፍነዋል። ካሬል ይህን ሁሉ ካሰበ በኋላ መምህር ፍለጋ የሄደው ወደ ሌላ ሐኪም አልነበረም። በሊዮን ማዳም ለሩዲዬ የምትባል ስመ ጥር ጥልፍ ጠላፊ ነበረችና ወደ እርሷ ዘንድ ሄዶ መርፌ አያያዝ ተማረ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። የሕክምና ምሁር ሆኖ ሳለ ከጥልፍ ሠሪ ሴት እግር ሥር ተቀምጦ መማርን ውርደት አላደረገውም። እናቶቻችን የቀሚስ ጥለት ሲጠልፉ ጣታቸውን ልብ ብሎ ያየ ሰው፥ ካሬል ምን ሊማር እንደ ሄደ ያለ መጽሐፍ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ እጅግ የቀጠኑ መርፌዎችንና የሐር ክር መርጦ፥ ክሩ ደም ሥሩን እንዳይቧጭር በቫዝሊን እየቀባ ይለማመድ ጀመር። በመጨረሻ ያገኘው ዘዴ ሲነገር ቀላል ነው። ሁለት የተቈረጡ ቱቦዎች አፍ ለአፍ ይገጠማሉ። በዙሪያቸው ላይ በእኩል ርቀት ሦስት ቦታ ይሰፋና ሦስቱ ክሮች በሦስት ወገን ይወጠራሉ። ያን ጊዜ ክብ የነበረው አፍ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ክቡን መስፋት ሲያስቸግር የነበረው አሁን ሦስት ቀጥታ መስመሮችን እንደ መስፋት ይቀልላል። ቱቦው ስለ ተወጠረም መርፌው በስሕተት የማዶውን ግድግዳ አይወጋም። ይህን ጽሑፍ በ1902 ዓ.ም. አወጣ። በጂኦሜትሪ ክፍል ሦስት ማዕዘን ለምን ይጠቅማል እያልን ለምናጕረመርም ሁሉ ይህ መልስ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያው ዓመት የካሬልን ኑሮ የለወጠ ሌላ ነገር ሆነ። በሽተኞች ለፈውስ ወደሚሄዱበት ወደ ሉርድ በሐኪምነት ሄዶ ሳለ፥ ለሞት የቀረበች አንዲት በሽተኛ ስትድን እንዳየ ተናገረ። ያየውን በማውራቱ በሊዮን የነበሩት ሐኪሞች ናቁት፤ የሃይማኖት ሰዎች ደግሞ ነገሩን በጥርጣሬ ስለ መረመረ አልተደሰቱበትም። በሁለቱም ወገን እንዲህ ስለ ተጠላ በከተማው ሆስፒታል ሹመት ሊያገኝ አልቻለምና፥ በ1904 ዓ.ም. ከብት አርቢ እሆናለሁ እያለ ባሕር ተሻግሮ ወደ ካናዳ ሄደ። ከብት ማርባቱ ግን አሳብ ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ቦታ አገኘና ቻርልስ ገትሪ ከተባለ አሜሪካዊ ጋር ሙከራውን ቀጠለ።

ሁለቱ ሰዎች በቺካጎ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። የውሻን ኩላሊት ከነደም ሥሩ አውጥተው በሌላ ቦታ ይሰፉታል፤ ኩላሊቱም ሥራውን ይሠራል። ካሬል በኋላ ሥራውን ሲቀጥል አንድ ነገር አስተዋለ። ውሻው የራሱ ኩላሊት ወጥቶ ሲመለስለት ይኖራል፤ ከሌላ ውሻ የመጣ ኩላሊት ሲገባለት ግን ስፌቱ ምንም ያህል ቢያምር ኩላሊቱ ይበላሻል። አካል የባዕድን ሥጋ እንደ ጠላት ቈጥሮ እንደሚዋጋ ገና በሚገባ አልታወቀም ነበር። ካሬል በእጅ ጥበብ ሊሻገረው የማይችለው ግድግዳ ፊት ለፊት እንደ ቆመ ግን ተረዳ። በሰው ላይ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተሳካው በ1954 ዓ.ም. በቦስተን፥ ያውም አንድ ዓይነት በሆኑ መንታ ወንድማማቾች መካከል ነው።

በ1906 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ወደሚገኘው ወደ ሮክፌለር ተቋም ተዛወረ። በ1908 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የአንድ ሐኪም ቤተ ሰብ መጥቶ ቀሰቀሰው። ከተወለደች ጥቂት ቀን የሆናት ሕፃን ደሟ እየፈሰሰ አልቆም ብሎ ልትሞት ደርሳ ነበር። በዚያን ዘመን ደምን በጠርሙስ አስቀምጦ መስጠት አልተለመደም። ስለዚህ ካሬል የአባትየውን የክንድ ደም ቅዳ ከሕፃኗ የእግር ደም መልስ ጋር አገናኝቶ ሰፋው። የሕፃን ደም ሥር ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ አንባቢ ያስበው። ስፌቱ ተፈጽሞ ደሙ ሲለቀቅ፥ እንደ ወረቀት ነጥታ የነበረችው ልጅ ቀስ በቀስ ቀላች፤ ዳነችም። ከጥልፍ ሠሪዋ ዘንድ የተማረው ነገር አንድ ነፍስ አተረፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። በ1907 ዓ.ም. ሮስ ሃሪሰን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ከእንቍራሪት ፅንስ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ውስጥ አንጠልጥሎ ቢያኖራት፥ የነርቭ ክሮች ከሕዋሳቱ ወጥተው ሲያድጉ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ሕያው ሥጋ ከአካል ተለይቶ በመስታወት ላይ ሲያድግ ታየ ማለት ነው። ካሬል ይህን ሲሰማ ረዳቱን ሞንትሮዝ ባሮውስን በ1910 ዓ.ም. ወደ ሃሪሰን ላከውና ጥበቡን አስመጣ። ከዚያም ከእንቍራሪት ወደ ዶሮ፥ ከዶሮም ወደ ሌሎች እንስሳት አሻገሩት። ሕዋሳቱ የሚኖሩበትን የዶሮ ፕላዝማና ከጫጩት ፅንስ ተጨምቆ የሚወጣ ፈሳሽ አዘጋጁላቸው፤ በየጊዜውም እያጠቡ፥ እየከፈሉ፥ ወደ አዲስ ምግብ ያዛውሯቸው ጀመር።

በጃንዋሪ 17 ቀን 1912 ዓ.ም. ካሬል ከጫጩት ፅንስ ልብ ላይ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በዚህ ዓይነት አኖረ። ቁራጩ መጀመሪያ ይመታ ነበር፤ በኋላ መምታቱን ተወ እንጂ ሕዋሳቱ መባዛታቸውን አላቆሙም። ወሩ ዓመት፥ ዓመቱ ዐሥር ዓመት ሆነ። አልበርት ኢበሊንግ የተባለ ረዳቱ ይጠብቀው ነበር። ጋዜጦች የማይሞተው የዶሮ ልብ እያሉ በየዓመቱ ልደቱን ያወሱለት ጀመር፤ ሕዝቡም በኒው ዮርክ አንድ ትልቅ ልብ በጠርሙስ ውስጥ ሲመታ የሚኖር መሰለው። ካሬል ራሱ ያስተማረው ሕዋስ በተፈጥሮው አይሞትም፤ ሞትና እርጅና የሚመጡት ሕዋሳት በአካል ውስጥ ተሰብስበው ሲኖሩ ነው ብሎ ነው። ላቦራቶሪውንም ያዩ ሰዎች አይረሱትም ነበር። ብርሃን እንዳያንጸባርቅ ብሎ ሠራተኞቹን ሁሉ ጥቁር ካባና ጥቁር ቆብ አልብሶ ያሠራቸው ነበርና ከሐኪም ይልቅ የመነኰሳት ማኅበር ይመስሉ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ለሕዋስ ማሳደጊያ ያወጣው ጠፍጣፋ ጠርሙስ በስሙ ይጠራል።

በ1912 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አገኘ። ብዙ ሰው ሽልማቱ ስለ ዶሮው ልብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የተሸለመው ደም ሥርን ስለ መስፋቱና አካላትን ስለ ማዛወሩ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አግብቶ፥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በአገሩ በኮምፒየን የቁስለኞች ሆስፒታል ሠራ። በዚያም ከእንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ከሄንሪ ዴኪን ጋር የመገለ ቁስልን በመድኃኒት ውኃ የማጠብ ዘዴ አውጥቶ የብዙ ወታደሮችን እግርና እጅ ከመቈረጥ አድኗል።

ከጦርነቱ በኋላ አሳቡ ከሕዋስ ወደ ሙሉ አካል ሄደ። ሕዋስን በጠርሙስ ማኖር ከተቻለ ሙሉ ዕጢን፥ ሙሉ ልብን ለምን አይቻልም? ችግሩ ግልጥ ነው። አንድ ሕዋስ ከቀጭን የደም ሥር ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ወይም ከዚያ ጥቂት ቢርቅ አየርና ምግብ አይደርሰውም። ስለዚህ በጠርሙስ ውስጥ የሚያድገው ሥጋ ሲወፍር መካከሉ ይሞታል። ሙሉ አካልን ለማኖር ደም በሚሄድበት መንገድ የሚመግበውን ፈሳሽ ማስኬድ ግድ ነው። ከዚህ በፊት የተሞከረው ሁሉ ባክቴሪያ እየገባበት ይበላሽ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ሰው ነው። በ1927 ዓ.ም. ብቻውን አትላንቲክን በአውሮፕላን የተሻገረው ቻርልስ ሊንድበርግ፥ የሚስቱ እኅት በልብ በሽታ ትሠቃይ ስለ ነበር፥ ልብ በሚታከምበት ጊዜ ሥራውን የሚሠራ መኪና ለምን አይኖርም እያለ ሐኪሞችን ይጠይቅ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ከካሬል ጋር ተገናኙ። ሊንድበርግ ያለ ደመወዝ በላቦራቶሪው እየሠራ ብዙ መሣሪያ ሠርቶ ካፈረሰ በኋላ፥ በ1935 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከመስታወት የተሠራ ፓምፕ አበረከተ። አየር እየገፋው ፈሳሹ በትርታ ወደ አካሉ ደም ቅዳ ይገባል፤ ወጥቶም ተመልሶ ይዞራል፤ ባክቴሪያም አይገባበትም። መጀመሪያ ያኖሩበት የድመት የታይሮይድ ዕጢ ለብዙ ቀኖች ሕያው ሆኖ ቆየ። ሁለቱ በ1938 ዓ.ም. አካላትን ስለ ማኖር አንድ መጽሐፍ በአንድነት አሳተሙ። የደም ሥር ሰፊውና የሕዋስ አሳዳጊው ጥበብ የተገናኘው በዚህ መሣሪያ ላይ ነው።

እስከዚህ የጻፍሁት በደስታ ነው፤ የሚቀጥለው ግን ደስ አያሰኝም። ካሬል በ1935 ዓ.ም. «ሰው፥ ያልታወቀው» የተባለ መጽሐፍ አውጥቶ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። በዚህ መጽሐፍ ላይ የሰው ዘር እንደ እንስሳ እየተመረጠ እንዲሻሻል ከጻፈ በኋላ፥ ከባድ ወንጀለኞችና ወንጀል የሠሩ የአእምሮ በሽተኞች በጋዝ እንዲገደሉ አሳብ አቀረበ። በ1936 ዓ.ም. በወጣው በጀርመንኛው እትም መቅድም ላይም የጀርመን መንግሥት በዚህ ረገድ የጀመረውን ሥራ አመሰገነ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ በጀርመን የአእምሮ በሽተኞች በጋዝ መገደላቸውን ሁላችን በታሪክ ተምረናል። አንዳንዶች በዚያን ጊዜ በብዙ አገር እንዲህ የሚያስቡ ሊቃውንት ስለ ነበሩ እርሱን ብቻ መውቀስ አይገባም ይላሉ። ብዙዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የተቃወሙም ነበሩ፤ ደግሞም ለአንዲት ሕፃን ሌሊቱን በሙሉ የደከመ እጅ፥ ስለ በሽተኞች መገደል ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ ከማንም ይልቅ ሊከብደው በተገባ ነበር። እኔ በዚህ ነገር ይቅርታ የማደርግለት አይመስለኝም።

በ1939 ዓ.ም. የዕድሜው ገደብ ስለ ደረሰ ከሮክፌለር ተቋም በጡረታ ተሰናበተ። ፈረንሳይ በጀርመን ከተያዘች በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ በ1941 ዓ.ም. የቪሺ መንግሥት የሰውን ችግር የሚያጠና ድርጅት አቋቁሞለት መሪው ሆነ። በ1944 ዓ.ም. በኦገስት ወር ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ከሥራው ታገደ፤ ከጠላት ጋር ተባብረሃል የሚል ክስም ተነሣበት። ልቡ ታሞ ነበርና ለፍርድ ሳይቀርብ ኖቬምበር 5 ቀን 1944 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ። በሊዮን በስሙ ይጠራ የነበረው የሕክምና ፋኩልቲ በ1996 ዓ.ም. ስሙ ተለውጦ፥ የደረት ማዳመጫን በፈጠረው በሌኔክ ስም ተጠራ።

የዶሮው ሕዋስ ከጌታው ሁለት ዓመት ተርፎ፥ በ1946 ዓ.ም. ሆን ተብሎ ተጣለ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሮ ነበር። ሕዋስ አይሞትም የሚለው ትምህርት ግን ገና ቆመ። ሌሎች ሰዎች ሕዋስ ሲያሳድጉ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሞትባቸው፥ ካሬል ሠላሳ አራት ዓመት አኑሮታልና ጥፋቱ የኛ ነው፤ ምግቡን አበላሽተነዋል፤ እጃችን ንጹሕ አልነበረም ይሉ ነበር። የኖቤል ተሸላሚ ተሳስቷል ብሎ ማሰብ ከበዳቸው። በ1961 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ የተባሉ ሁለት ሰዎች፥ የሰው ሕዋስ በጠርሙስ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚያቆም በጥንቃቄ አሳዩ። ጽሑፋቸውንም መጀመሪያ ለላኩበት ለሮክፌለር ተቋም መጽሔት አዘጋጁ አልቀበልም ብሎ መልሶታል፤ ሌላ መጽሔት ግን አወጣው። የካሬል የዶሮ ሕዋስ ያን ያህል እንዴት ኖረ ለሚለው ዛሬ የሚሰጠው ግምት፥ ምግብ ሆኖ በየጊዜው ይጨመር በነበረው የፅንስ ጭማቂ ውስጥ አዳዲስ ሕያዋን ሕዋሳት ሳይታወቅ ይገቡ ነበር የሚል ነው። ካሬል እያወቀ አታለለ ብሎ ለመፍረድ ማስረጃ የለኝም። የሚያሳዝነኝ ግን ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ብዙ ሰው በማይክሮስኮፕ ውስጥ በገዛ ዐይኑ ያየውን ትቶ የታላቅ ሰው ስም ማመኑ ነው።

ወደ ጉበት እንመለስ። የጉበት ሕዋስ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ ባሕርይ አለው። በአካል ውስጥ ከፊሉ ሲቈረጥ እንደዚያ የሚባዛው ሕዋስ፥ ለብቻው ተነቅሎ በሳሕን ላይ ሲኖር በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሥራውን ይረሳል፤ ይጠፈጠፋል፤ መባዛትም እምቢ ይላል። ጎረቤቶቹንና የሚያልፍበትን ደም ያጣል ማለት ነው። የዛሬዎቹ ሊቃውንት ድካም እነዚህን ጎረቤቶች ለመመለስ ነው። በ2007 ዓ.ም. የሰውን የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት መመለስ ከተቻለ በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. በዮኮሃማ የሚሠሩ ጃፓናውያን ከእንዲህ ያለው ግንደ ሕዋስ የተገኙ የጉበት ሕዋሳትን ከደም ሥር ሕዋሳትና ከሌሎች ደጋፊ ሕዋሳት ጋር ቢያኖሯቸው፥ ሕዋሳቱ በራሳቸው ተሰብስበው ትንንሽ የጉበት እምቡጥ ሆኑ። እምቡጡ ወደ አይጥ ሲገባም የደም ሥሮቹ በሁለት ቀን ውስጥ ከአይጧ ደም ሥሮች ጋር ተያያዙ፤ በዚህ ጊዜ የሰፋቸው ማንም የለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ፥ ጉበቷ በተጎዳ አይጥ ውስጥ የተተከለ የሰው ጉበት ቅንጣት ሃምሳ እጥፍ ያህል ሲያድግ ታየ።

በ2022 ዓ.ም. የታተመው ሥራ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል። በቦስተን አካባቢ ያሉ መሐንዲሶች የሰው የጉበት ሕዋሳትን በለሰለሰ ዝልግልግ ነገር ውስጥ አኑረው፥ በመካከሉ ደም ሥርን የሚመስሉ ቦዮች ቀደዱ። ቦዮቹን ውስጣቸውን በደም ሥር ሕዋሳት ለብጠው ፈሳሽ አስኬዱባቸው። ፈሳሹ ሲሄድ የደም ሥሩ ሕዋሳት በጎናቸው ላሉት የጉበት ሕዋሳት መልእክት የሚያደርሱ ነገሮችን ያመነጫሉ። ጉበት ሲቈረጥ በደም ውስጥ ከሚገኙት የማደግ ምልክቶች ሲጨመርበትም፥ ከጉበቱ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ለመከፈል ይነሣሉ። በአይጥ ሆድ ውስጥ ተሸፍኖ ይደረግ የነበረው ነገር፥ በሰው ሕዋስ፥ በዐይን እየታየ ሊመረመር ቻለ።

ሙሉ የሰው ጉበት ግን እስከ አሁን በላቦራቶሪ አልተሠራም። ጉበቱ ፈጽሞ የተበላሸበት ሰው የሚድነው ከሌላ ሰው ሲያገኝ ነው። ዘመዱ በሕይወት ሳለ ከጉበቱ ከፍሎ ሲሰጠው፥ በሰጪው ዘንድ የቀረውም፥ ለተቀባዩ የሄደውም በየቦታው ያድጋል። ቀዳጁ ሐኪም አዲሱን ጉበት ከቦታው ሲያገባ ከሚሰፋቸው ደም ሥሮች አንዱ፥ በ1894 ዓ.ም. በሊዮን ማንም ሊሰፋው ያልቻለው ያ ወፍራም ደም መልስ ነው።